ቃሉን አትንገሩት

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰው ወሬ ጀምሮ ሲንዛዛብኝ አፉ ላይ ያለውን ቃል ነጥቄ እጨርስለታለሁ። እናቴ እንኳ "ይቺን ልጅ የወለድኳት ምጡ ሳይጀምረኝ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። ክፍል ውስጥም ያው ነኝ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። "የጎነ ሦስት የውስጥ ማዕዘናት ድምር መቶ ሰማን..." ስል ክፍሉ በአንድ አፍ "...ያ" ይልልኛል። "ስለዚህ መልሱ አሉታ..." ስል "...ዊ" ይላል። ክፍሉ ሞቅ ይላል፣ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ሆኖ ይሰማና "ያንቺ ክፍል ሁልጊዜ እንደነቃ ነው" ይለኛል። ደስ ይለኛል ታዲያ፣ ለምን አይለኝም።

እንዲህ የምናስተምረው ብዙ ነን። መምህሩ የቃሉን ግማሽ ይላል፣ ተማሪው ግማሹን ይጨርሳል፣ ደወል ይደወላል፣ ተምረዋል ብለን እንወጣለን። ይሄን ደስታዬን ያበላሹብኝ እትዬ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

እትዬ የምላቸው በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡትን የሳይንስ መምህርት ነው። እናቴ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራቸው። ቀጭን ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፤ ነገር አያበዙም። ጠዋት ጉሙ ወርዶ ከሰሌዳ በቀር ምንም በማይታይበት ሰዓት እኛ ጋቢያችን ውስጥ ተኮማትረን ስንንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ክፍል ገብተው ተማሪ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው ጋሼ ደግሞ እዚሁ ትምህርት ቤት ኅብረተሰብ ያስተምሩ ነበር። ጋሼ የሳቸው ተቃራኒ ነበሩ፤ ቀልደኛ፣ ተረበኛ፣ ድምፃቸው ግቢውን የሚሞላ። ሚስታቸውን "የኔ ሴትዮ ቃል በሰፌድ አበጥራ ነው የምታወጣው" እያሉ ያበሽቋቸዋል። እትዬ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ ክፍል ሊገቡ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ወደቁ። ስትሮክ ነው። ደብረ ብርሃን ተወሰዱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ በዱላ ነው የሚሄዱት። የከፋው ግን ምላሳቸው ነው። የምትላቸውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ቀልድ ስትነግራቸው ዓይናቸው ይስቃል፤ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ግን ቃሉ የለም። ያ ሁሉ ተረብ የት እንደገባ እንጃ። እኔ መጀመሪያ ሄጄ የጠየቅኳቸው ቀን ውጭ ወጥቼ አልቅሼ ነው የገባሁት።

ሐኪሟ ለእትዬ የነገረቻቸውን እሳቸው በኋላ ነገሩኝ። ቃሉ ጠፍቶ አልቀረም አለቻቸው፤ ወደ ቃሉ የሚወስደው መንገድ ነው የተናደው። አንጎል ደግሞ ሌላ መንገድ ማበጀት ይችላል፣ የሚያበጀው ግን ራሱ ሲመላለስበት ነው። እናንተ ቃሉን ባቀበላችኋቸው ቁጥር እሳቸው ያሉበት ተቀምጠው ይቀራሉ። ስለዚህ አትንገሯቸው፣ ጠብቋቸው።

እንግዲህ ይሄን ምክር መንዝ ውስጥ ፈጽሙት። ሰው ታሞ ተኝቶ አገሩ በሙሉ ዳቦና እንቁላሉን ይዞ ሊጠይቅ ይመጣል። የመጣውም ሰው ሁሉ ደግ ነው። ጋሼ "ው... ው..." ሲሉ አንዱ "ውሃ ነው" ይላል፣ ሌላው "አይ፣ ወደ ውጭ ሊወጣ ነው" ይላል፣ ሦስተኛዋ ተነስታ ዱላቸውን ታቀብላቸዋለች። ከዚያ ደግሞ ራሳቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ ወደ እትዬ ዞረው "ምግብ ይበላል? እንቅልፍስ ይወስደዋል?" ይላሉ። እትዬ የግራ እጃቸውን መዳፍ ከፍ አድርገው "ቃሉን አትንገሩት" ይሏቸዋል። "እሱ እዚሁ አለ፤ እሱን ጠይቁት።" ይሄን ብለው ዝም። ጋሼ ላብ በላብ እስኪሆኑ ቃል ሲፈልጉ እሳቸው ፊታቸውን እያዩ ዝም። ጠያቂው በሩን ወጥቶ ሲያበቃ "ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት፣ ሰውየው እያማጠ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች" ይላል። እውነቴን ነው፣ እኔም በልቤ ብያለሁ።

ሁለተኛው የሕክምና ቀጠሮ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ መኪናው የለም፤ መኪናው ሲገኝ ወሬው ጥሩ አይደለም። እትዬ ተቀምጠው መንገድ የሚጠብቁ ሴት አይደሉም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ስለ አንጎል የተጻፈ ነገር እየፈለገች በቴሌግራም ትልክላቸው ጀመር። ኔትወርክ ሲመጣ ያወርዱታል፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በመዝገበ ቃላት እየታገሉ ያነቡታል። በዚያ ዕድሜያቸው። እኛ ሻያችንን ይዘን የሰው ወሬ ስናበጥር እሳቸው ጥጉ ላይ ስልካቸውን ዓይናቸው ሥር ደቅነው ብቻቸውን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የባላቸውን ምላስ ፍለጋ የጀመሩት ንባብ ነው እንግዲህ ክፍላችን ድረስ የመጣው።

አንድ ቀን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ ተማሪዎቻችንን እንደ በሽተኛ ጠያቂ ነው የምናስተምራቸው" አሉኝ።

"እንዴት?" አልኳቸው።

"ቃሉን እናቀብላቸዋለን። ግማሹን ሰጥተሻቸው ግማሹን ቢጨርሱልሽ ምን አወቁ? አንጎል የሚማረው ሲነገረው ብቻ አይደለም፣ ከራሱ ውስጥ ፈልጎ ሲያወጣ ነው። ደብተር ከፍቶ ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ያወቀ ይመስለዋል፤ ደብተሩን ዘግቶ ያስታወሰ ልጅ ግን ትምህርቱ ውስጡ ይቀርለታል። ፍለጋው ነው መንገዱን የሚያበጀው።"

እኔ ሳቅሁ። ስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ፣ ምዕራፉ አላልቅ ብሎ፣ ማን ነው ቆሞ ቃል የሚፈልግ? እትዬ አልተከራከሩኝም። ክፍላቸው ገብተው ማድረግ ጀመሩ።

ያደረጉት ይሄን ነው። ደብተር ይዘጋል። ጥያቄ ይጠይቃሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ማንም ጮኾ እንዳይመልስ፣ ማንም ለጎረቤቱ ሹክ እንዳይል። ዝም ይላሉ። ክፍሉም ዝም ይላል። ዛሬ የተማሩትን ብቻ አይጠይቁም፤ ሊረሳ ሲል ይመለሱበታል፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ያለፈውን ወር። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በባትሪ ሲያነቡ የሚያድሩትንም ይቆጧቸዋል፤ አንጎል የተማረውን የሚያደላድለው እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሂዱ ተኙ ይሏቸዋል። ወላጅ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል ገምቱ።

ተማሪዎቹ ግን ሌላ ነገር ነው የገባቸው። እኛ አገር የጠየቀህ ሰው መልስህን ሳይሰማ ዝም ብሎ ካየህ አኩርፎሃል ማለት ነው። እናት እንዲህ ስታይህ ጥፋትህን ታስባለህ። ልጆቹ ተሰብስበው መከሩ፤ እትዬ ባላቸው ታሞባቸው ሆድ ብሷቸዋል፣ እኛም ሳናውቅ አስቀይመናቸዋል፣ ይቅርታ እንጠይቅ ተባባሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼን ልጠይቅ ሄጄ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የክፍሉ አለቃ የሆነችው ልጅ፣ ከኋላዋ አምስት ስድስት ተማሪዎች፣ ከፊታቸው ደግሞ የአንደኛዋ አያት የሆኑ ሽማግሌ። የመጨረሻዋ ልጅ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። እንደ ወጉ፣ ምሕረት ሊጠይቁ። ያቺ ድንጋይ የተሸከመችው ልጅ የኔም ተማሪ ናት። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ከስሟ በቀር የማውቀው አረንጓዴ ሻሿን ብቻ ነበር። ድምፅ የላትም። አፏን እስክትከፍት ክፍሉ በሙሉ መልሶ ይጨርሳል፣ እኔም ወደሚቀጥለው ሄጃለሁ።

ሽማግሌው ቆመው "መምህርት፣ ልጆቹ አጥፍተዋል" አሉ። "ምን እንዳጠፉ አያውቁትም። እርስዎ ግን ጠይቀዋቸው ዝም ይሏቸዋል አሉ። ከቁጡ ሰው ዝም ያለ ሰው ይከብዳል። በሉ ስለ እመቤቴ ብለው ይቅር በሏቸው።"

ከወደ ጥጉ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ናቸው፣ ይስቃሉ። ከታመሙ ጀምሮ ሲስቁ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የድሮው ሳቃቸው ነበር፣ ሆድ እየያዙ የሚስቁት። ከዚያ በግራ እጃቸው ሚስታቸውን እያሳዩ "ት... ት..." አሉ።

ሽማግሌው "ተቀይማለች ነው?" ሊሉ ሲጀምሩ እትዬ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጆቹ አዩት ያን ጊዜ። ክፍላቸው ውስጥ የሚያዩት መዳፍ ነው፣ ያው ዝምታ ነው፣ ያው የእትዬ ዓይን ነው። ጋሼ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ከንፈራቸው ሄደ መጣ።

"ት... ጠብቃ... ለች" አሉ።

ማንም ያላቀበላቸው ቃል ነው። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ስላልገባቸው አሜን አሉ። ልጆቹ ግን ገባቸው። ባለ አረንጓዴ ሻሿ ልጅ ድንጋዩን ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፣ የበር ማቆሚያ አድርገውታል።

ከዚያ እሑድ በኋላ የዚያ ክፍል ዝምታ ሌላ ሆነ። ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፣ ላምን ስላልቻልኩ። እትዬ ይጠይቃሉ፣ መዳፋቸው ይነሳል፣ እዚያ ውስጥ ልጆቹ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው ሲፈልጉ ታያለህ። ያቺ ልጅ ሻሿን እየጎተተች ስትፈልግ አየኋት፤ ጎረቤቷ መልሱን ያውቀዋል፣ አፉን በእጁ ይዞ ይጠብቃታል። መለሰች። ዘግይታ፣ ግን ሙሉ መልስ። ሁለት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ድምፅ ወፍራም መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

እኔም ሞከርኩ ታዲያ። "ሰባት ሲባዛ በአሉታዊ ሦስት?" ብዬ መዳፌን አነሳሁ። ዝም ማለት ይሄን ያህል ሥራ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ምላሴን ነክሼ ቆየሁ ቆየሁና "አሉታዊ ሃያ አን..." አልኩ። ክፍሉ "...ድ" አለልኝ፤ ደስ ብሎት። ለእትዬ ስነግራቸው "አይዞሽ፣ ያንቺም አንጎል መንገድ ይፈልጋል" አሉኝ። አጽናኑኝ አልልም፣ ሰደቡኝ። ግን ሳላቆም ሞከርኩ፤ አሁን እንኳ ይሻለኛል።

በዚህ መሐል ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቃል መጣ። ጋሼ የሕመም ፈቃዳቸው ተራዝሞ ተራዝሞ አልቋል። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍል ውስጥ ያያቸዋል፤ ማስተማር ከቻሉ ይቀጥላሉ፣ ካልቻሉ በሕመም ጡረታ ይወጣሉ። ጥፋት የለበትም፣ ሕጉ ነው። ግን ጋሼን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እኚህን ሰው ከክፍል ካወጣሃቸው ምን ይቀራቸዋል? ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ማየት። እትዬ ያን ሰሞን ምግብ አይበሉም ነበር። "ይችሉታል" አልኳቸው። "አላውቅም" አሉኝ፤ አላውቅም ሲሉ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ያው የእትዬ ስምንተኛ ነው፤ ጋሼ ከመታመማቸው በፊት ያስተማሯቸው ልጆች። ሱፐርቫይዘሩና ርዕሰ መምህሩ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። እኔ ካርታውን ተሸክሜ ገብቼ ሰቀልኩና እዚያው ቀረሁ፤ "ውጪ" ያለኝም ሰው የለ።

ጋሼ ጠመኔውን በግራ እጃቸው ያዙ። ሰሌዳው ላይ የተንቀጠቀጠ መስመር አሰመሩ፤ ተራራ ነው። "ዛሬ... ስለ ውሃ" አሉ። ሁለት ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ጨመሩ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ። "ይሄ... ይሄ..." አሉና ቆሙ። ቃሉ አልመጣም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችን ቃሉን እናውቀዋለን። ሱፐርቫይዘሩ ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ተፋሰስ ነው" አለ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየው። ማንም ምንም አላለም፤ ዞረው አዩት ብቻ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አንገቱን ሰበረ። ልጆቹ ወደ ፊት ተመለሱና መጠበቅ ቀጠሉ። ጋሼ የተነገራቸውን ቃል አልወሰዱትም። ዞር አሉ፣ በሌላ በኩል መጡ። "ዝናብ ዘንቦ... የሚሄድበት... ሁሉም ተሰብስቦ የሚሄድበት... አገር" አሉ። ቀጥለው ፈገግ አሉና "ተፋሰስ" አሉት፣ ራሳቸው።

ከዚያ ከከተማችን ወዲያ ስላለው ስለ ጓሳ ተራራ ጠየቁ። "ጓሳ ላይ... የዘነበ... የት ይሄዳል?"

የዛሬ ዓመት ቢሆን ክፍሉ "ዓባይ" ብሎ ግድግዳውን ያነቃንቅ ነበር። አሁን ጸጥ አለ። እጆች ተነሱ። ጋሼ እጅ ያነሱትን አልጠሩም፤ እያንዳንዱን ፊት እያዩ ሄዱ። የሚቸኩልባቸው የለ፣ እሳቸውም አይቸኩሉም። ቃል መፈለግ ምን እንደሆነ እንደሳቸው የሚያውቅ መምህር በዚያ ግቢ አልነበረም፤ ቃል የምትፈልግ ልጅም ከሩቅ ትታወቃቸው ነበር። እጇን ያላነሳችው ባለ አረንጓዴ ሻሿ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጠበቋት። ሻሿን ጎተተች። ጠበቋት።

"ቤታችን ጓሳ ጥግ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው" አለች። "ከቤታችን ጀርባ የዘነበው ገደሉን ወርዶ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ደጃችን ላይ የዘነበው በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ ዝናብ ነው፤ ጣሪያችን ላይ ሲደርስ ነው የሚለያየው።"

ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡና ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ያን ያህል የሚያምር ትምህርት አይቼ አላውቅም። ደብተር ያልተከፈተበት፣ ማስታወሻ ያልተገለበጠበት፣ ከግማሽ በላይ ዝምታ የሆነ ክፍለ ጊዜ።

ደወል ተደወለ፣ ማንም አልተነሳም። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ያደረገው ነገር ሁላችንም የለመድነው ነበር፤ ጋሼ ፊቱ ቆመው ወደ እትዬ ዞረ። "እንግዲህ... ከመስከረም ጀምሮ ማስተማር ይችላሉ?" አላቸው።

"ይች..." አሉ እትዬ።

እትዬ! ለኔ፣ ለአገሩ፣ ለጠያቂው ሁሉ ቃሉን አትንገሩት ሲሉ የኖሩት ሴት። ጭንቀቱ አሸነፋቸው። ግማሹ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ክፍሉ መሐል ቆመ፤ ያን ሁሉ ልጅ አየሁት፣ ግማሽ ቃል መጨረስ ሲለማመድ ያደገ ልጅ፤ አንዱም አልጨረሰውም። ጋሼ ነበሩ የግራ እጃቸውን መዳፍ ወደ ሚስታቸው ከፍ ያደረጉት። እትዬ አፋቸውን ዘጉ፤ እንባቸው ወረደ።

ጠበቅን። እኔም ጠበቅሁ። ሱፐርቫይዘሩም ገባው፤ ወደ ጋሼ ዞሮ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። የጋሼ ከንፈር ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። ከዚያ ያ የድሮው ተረበኛ ዓይናቸው ሳቀ።

"ከ... ከነገስ?" አሉ።